የሚዋሽ ሰዓት ከምታስሩ ባዶ እጃችሁን ሩጡ



ሰሞኑን ኢንቦክሴን አንድ ጥያቄ አጨናንቆታል። «ቲቸር፣ መሮጥ ጀምሬአለሁ፤ ጠንከር ያለ፣ ኪስ የማይጎዳ ስማርት ሰዓት የቱን ልግዛ?» ገሚሶቻችሁ ለታላቁ ሩጫ እየተዘጋጃችሁ ነው። ገሚሶቻችሁን ሐኪም «ተንቀሳቀሱ» ብሏችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ መውጣት ልማድ አድርጋችኋል። ደስ ይላል። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ረዘም አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ከየትኛውም ኩባንያም ሆነ ሱቅ ጋር የጥቅም ግንኙነት እንደሌለኝም ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

አቋሜን መጀመሪያ ልናገር። ከቤት ውጭ ለሚሮጥ፣ ለሚራመድ፣ ተራራ ለሚወጣ ሰው ጥሩ ርካሽ ሰዓት ማለት ብዙ ነገር የሚለካ ሰዓት ማለት አይደለም። ሦስት አራት ነገር ብቻ በቅጡ የሚለካ፣ ዝናብና አቧራ የማይበግረው፣ ባትሪው የሚቆይ ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ «ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኦክስጅን፣ ጭንቀት፣ 100 ዓይነት ስፖርት» ተብሎ የተደረደረው ዝርዝር በረዘመ ቁጥር የእኔ ጥርጣሬም አብሮ ይረዝማል። ምክንያቴን ልዘርዝር።

1. «ጂፒኤስ አለው?» «አዎ አለው!»

ይቺ መልስ ብዙ ሰው አስከፍላለች። ሻጩ ሆን ብሎ ላይዋሽ ይችላል፤ ግን «አለው» የምትለዋ ቃል ብዙ ነገር ትሸፍናለች። አንዳንዱ ሰዓት የራሱ የጂፒኤስ መቀበያ በውስጡ አለው። አንዳንዱ የስልካችሁን ጂፒኤስ ነው የሚዋሰው፤ ስልኩን ቤት ትታችሁት ከወጣችሁ ዕውር ነው። ሌላው ደግሞ ሁለቱም የለውም። እርምጃችሁን ይቆጥርና በግምት ርዝመት እያባዛ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ሮጣችኋል» ይላችኋል።

የመጨረሻው ምን ችግር አለው? ቀላል ስሌት እንሥራ። ሰዓቱ የአንድ እርምጃችሁን ርዝመት 75 ሳንቲ ሜትር ብሎ ገምቷል እንበል። 10,000 እርምጃ ስትራመዱ 7.5 ኪሎ ሜትር ይላችኋል። ግን እንጦጦን ሽቅብ ስትወጡ እርምጃ ያጥራል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ እውነተኛው ርቀት 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ከየት መጣ? ከየትም፤ ሰዓቱ ፈጠረው። ለውድድር የምትዘጋጁ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ቀልድ አይደለም። በሰዓቱ ሂሳብ 10 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ሰዓት ስትጨርሱ ከርማችሁ፣ የውድድሩ ቀን እግራችሁ ስምንተኛው ላይ ይከዳችኋል።

የራሱ ጂፒኤስ ያለው ሰዓት ግን ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ተቀብሎ ነው ቦታችሁን የሚያሰላው። እሱም ፍጹም አይደለም። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል፣ ለምሳሌ በአዲሱ የንግድ ባንክ ሕንፃ አካባቢ፣ ምልክቱ ከመስታወትና ከኮንክሪት እየተላተመ ስለሚደርሰው መስመሩ ይንሻፈፋል። ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ ውስጥም ትንሽ ይዛባል። ግን የዚህ ስህተት በጥቂት ሜትር የሚቆጠር ነው። ታላቁ ሩጫ ላይ ሰዓታችሁ ከ10 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ አድርጎ ቢያሳያችሁም «መንገዱ በስህተት ተለክቷል» ብላችሁ አትቆጡ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ግራ ቀኝ እየተጠማዘዛችሁ ስለምትሮጡ እውነትም ትንሽ ትርፍ ትሮጣላችሁ።

ስም ላይም ተጠንቀቁ። አማዝፊት ቢፕ 3 እና ቢፕ 3 ፕሮ ጎን ለጎን ቢቀመጡ መልካቸው አንድ ነው፤ ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም። የራሱ ጂፒኤስ ያለው ግን «ፕሮ» የሚለው ብቻ ነው። ከእነሱ በፊት የወጡት ቢፕ ዩ እና ቢፕ ዩ ፕሮም እንደዚሁ ናቸው። አንዲት ቃል ናት ልዩነቷ፤ ለሯጭ ግን ሁሉም ነገር ናት።

2. «ሚሊታሪ» ማለት ምን ማለት ነው?

ካርቶኑ ላይ ወታደር፣ በረሃና ታንክ አለ። ሰዓቱ ጥቁር ነው፣ ብሎኖቹ ተገጥግጠዋል፣ ሲያዩት ቦምብ የሚመልስ ይመስላል። ከሥሩ ደግሞ «ሚል ስታንዳርድ 810» የሚል ተጽፏል። ይህ በእውነት ያለ ነገር ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ያወጣው የሙከራ መመሪያ ነው፤ ስለ ሙቀት፣ ስለ ቅዝቃዜ፣ ስለ እርጥበት፣ ስለ አቧራ፣ ስለ ንዝረትና ስለ መውደቅ ሌላም ብዙ ሙከራ አለበት። ነገር ግን መመሪያ እንጂ የምስክር ወረቀት አይደለም። «ይህ ሰዓት አልፏል» ብሎ ማኅተም የሚመታ መሥሪያ ቤት የለም። አምራቹ ከሙከራዎቹ የሚፈልገውን መርጦ፣ ራሱ ፈትሾ ወይም አስፈትሾ፣ ራሱ ያውጃል። ስለዚህ ጥያቄው «ሚሊታሪ ነው?» ሳይሆን «የትኞቹን ሙከራዎች አለፈ?» ነው። የሚታወቅ አምራች ቢያንስ ቁጥሩንና ዓይነቱን ይነግራችኋል። ስሙ ያልተሰማ ከሆነ ግን ያቺ ጽሑፍ የካርቶን ጌጥ ናት።

ጠንካራ ሰዓት ከመልክ እንደማይጀምር ለማወቅ የካሲዮን ጂ ሾክ ታሪክ ማየት ይበቃል። ኪኩኦ ኢቤ የተባለው የጃፓን መሐንዲስ የተነሣው ከ10 ሜትር ላይ ቢወድቅ የማይሰበር፣ 10 ባር የውኃ ግፊት የሚችል፣ ባትሪው 10 ዓመት የሚቆይ ሰዓት እሠራለሁ ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ገበያ ላይ ዋለ። ጥንካሬው ውስጡ ነው፤ ሞተሩ ከውጪው አካል ጋር በጥቂት ነጥቦች ብቻ እየተነካካ እንደ ተንሳፈፈ እንዲቀመጥ ተደርጎ ድንጋጤው እንዳይደርሰው ሆኗል። መጀመሪያ ሐሳቡ መጣ፣ መልኩ ተከተለ። ዛሬ ገበያችን ላይ ያለው ግን በአብዛኛው መልኩን ገልብጦ ሐሳቡን የተወ ነው።

3. ውኃ

«5 ኤቲኤም» የሚል ካለው ጥሩ ነው። ይህ ቆሞ ያለ የ50 ሜትር ውኃ ግፊትን ይችላል ማለት እንጂ 50 ሜትር ጠልቃችሁ ዋኙበት ማለት አይደለም። ለላብ፣ ለክረምት ዝናብ፣ ለመዋኛ ገንዳ ግን ከበቂ በላይ ነው። «አይፒ 67» ብቻ ከሆነ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተፈትኗል ማለት ነው፤ ለዝናብ ይሆናል፣ ለዋና ግን አልመክርም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ፍል ውኃ ወይም ስቲም ስትገቡ የትኛውንም ሰዓት አውልቁ። ሙቀትና እንፋሎት ውኃ የሚከለክለውን ጎማ ያደክመዋል፤ የቀዝቃዛ ውኃ ሙከራ ማለፉ እዚያ ዋስትና አይሆንም።

4. ቁልፍ፣ ስክሪን፣ ባትሪ

ስለ እነዚህ ማንም አይጠይቅም፤ በየቀኑ የምታማርሩት ግን በእነሱ ነው።

በላበ ጣት ወይም በዝናብ ውስጥ በጣት የሚነካ ስክሪን አይታዘዝም። የዝናብ ጠብታ ሲነካው ደግሞ ራሱ ሩጫውን ሊያቆመው ይችላል። የሚጫን ቁልፍ ያለው ሰዓት ምረጡ። ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቀው ስክሪን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስትመታው ሊጠፋባችሁ ስለሚችል ደጃፍ ወጥታችሁ እዩት። የፀሐይን ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ደብዛዛ መሳይ ስክሪን ሱቅ ውስጥ አያምርም፤ ሜዳ ላይ ግን ንጉሥ ነው፣ ባትሪም ይቆጥባል።

ባትሪን በተመለከተ ሁለት ቁጥር አለ። «20 ቀን ይቆያል» የሚለው ጂፒኤስ ሳይበራ ነው። እናንተ ጠይቁ የምላችሁ ጂፒኤስ በርቶ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነው። መብራት በሚሄድበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም። ቻርጀሩም ብዙውን ጊዜ የዚያ ሞዴል ብቻ ነው፤ ከጠፋ ወይም ከተበጠሰ ሰዓቱ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። መለዋወጫ ቻርጀር የማይገኝለትን ሰዓት አትግዙ።

5. የልብ ምት

ከሰዓቱ ጀርባ የምታዩት አረንጓዴ መብራት ቆዳችሁ ውስጥ ያለውን የደም መጠን መለዋወጥ በብርሃን ይከታተላል። ዘዴው ትክክለኛ ሳይንስ ነው፤ ግን ደካማ ጎን አለው። ሰዓቱ ከላላ፣ እጅ ከበረደ (የእንጦጦን ማለዳ አስቡት)፣ ወይም እጅ በኃይል ከተወዛወዘ ይሳሳታል። አንዳንዴም የልብ ምታችሁን ትቶ የእግራችሁን ምት ይቆጥራል። ቀስ ብላችሁ እየሮጣችሁ ድንገት 170 ካላችሁና እርምጃችሁም በደቂቃ 170 ከሆነ፣ ያየው እግራችሁን ነው። የቆዳ ጥቁረትም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ ከእኛ ቀለም ውጭ ባለ ሰው ላይ ብቻ ተሞክሮ የተሸጠን ዕቃ በጭፍን አትመኑ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሰዓቱን ከእጅ አንጓ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጉት። ከዚያ ቆም በሉና አንገታችሁ ላይ ጣት አሳርፋችሁ ለ30 ሴኮንድ ቁጠሩ፣ በ2 አባዙ፣ አስተያዩ። ልዩነቱ ሁሌም ሰፊ ከሆነ ሰዓቱን ለልብ ምት አትጠቀሙበት። በምር የምትሠለጥኑ ከሆነ ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ የልብን ኤሌክትሪክ ስለሚለካ የተሻለ ነው። ገንዘቡ ካጠረም አለመጨነቅ ነው፤ እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ሩጫው ቀላል ነው፣ ካልቻላችሁ ከባድ ነው። ይሄ በነፃ ነው።

ደግሞ ሰዓቱ «ቀይ ውስጥ ገብተሃል» ሲላችሁ አትደንግጡ። አብዛኛው ሰዓት ከፍተኛ የልብ ምታችሁን የሚገምተው ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ ነው። የ40 ዓመት ሰው 180 ይሆናል ማለት ነው። የእውነተኛ ሰው ልብ ግን ከዚህ በ10 ምት እና ከዚያም በላይ ሊለይ ይችላል። ሰዓቱ የሚያውቀው አማካዩን እንጂ እናንተን አይደለም። ቢደክማችሁ፣ ደረታችሁን ቢያማችሁ ወይም ቢያዞራችሁ ግን ሰዓቱ «አረንጓዴ ነው» ቢልም ቁሙ።

6. ከፍታችንን የማያውቅ ሰዓት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ኦክስጅኑም አብሮ ይሳሳል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ስትሮጡ ልባችሁ እዚህ የበለጠ ይመታል። ርካሹ ሰዓት ይህን አያገናዝብም፤ ፍጥነትና ምትን አስተያይቶ «ብቃትህ ደካማ ነው» ይላል። ከውጭ ለዕረፍት የምትመጡ ልጆቼ በተለይ፣ መጀመሪያው ሳምንት ላይ ሰዓቱ ብቃታችሁ ወደቀ ቢላችሁ የወደቀው ብቃታችሁ አይደለም፤ ከፍ ያለው አገሩ ነው። የደም ኦክስጅንም ከባሕር ዳር ትንሽ ዝቅ ብሎ መታየቱ ለጤነኛ ሰው የሚጠበቅ ነው።

7. አሁን ወደ ዋናው ነገር፤ ግፊትና ስኳር

እስካሁን ያልኩት ቢበዛ ሩጫችሁን ያበላሻል። ይሄኛው ግን ሰው ይገድላል።

በጥቂት ገንዘብ የሚሸጡ ሰዓቶች ያለ መርፌ ስኳር እንለካለን ይላሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ለሕዝብ ባወጣው ማስጠንቀቂያ ቆዳ ሳይወጋ በራሱ ስኳር ይለካል የሚባል ሰዓትም ሆነ ቀለበት እንዳትጠቀሙ ብሏል፤ እንዲህ ያለ አንድም መሣሪያ እንዳልፈቀደም ገልጿል። ቆዳ ሥር በሚገባ ቀጭን ሴንሰር ለክቶ ውጤቱን ወደ ሰዓት የሚልክ ሌላ መሣሪያ አለ፤ እሱ ለብቻው ነው፣ አታምታቱት። ሰዓቱ ብቻውን በብርሃን «ስኳርህ 98 ነው» ካለ ግን ግምት ሳይሆን ፈጠራ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በዚያ ቁጥር መጠኑን ቢቀያይር ምን እንደሚከተል መንገር ያለብኝ አይመስለኝም።

ግፊትም እንዲሁ። ከትልልቆቹ አምራቾች አንዳንዱ ግፊት የሚያሳይ ሰዓት ሠርቷል፤ ግን ወይ ክንድ ላይ በሚታሰር መለኪያ አስቀድሞ መስተካከል አለበት፣ ወይ እንደ ሁዋዌ ዋች ዲ ማሰሪያው ውስጥ በአየር የሚነፋ ነገር አለው። ያለ አንዱም፣ በአረንጓዴ መብራት ብቻ 120 በ80 የሚላችሁ ርካሽ ሰዓት ምንም አልለካም። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሙዝ ላይ እሰሩት። የልብ ምት ቢያሳይ ብዙ አይግረማችሁ፤ በብርሃን ነገሩ ጥሩ ሰዓትም አልፎ አልፎ ይታለላል። ግን ለሙዙ የደም ግፊት ከሰጠው፣ ለአባታችሁ የሰጠውም ያው ነው።

ሙዙ ያስቃል፤ የሚቀጥለው ግን አያስቅም። የግፊት ሕመም ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ አያምም፣ አይታይም። ጎረቤታችሁ ወይም አባታችሁ «ሰዓቱ ደህና ነህ ብሎኛል» ብለው ኪኒናቸውን ሲተዉ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆይና አንድ ቀን በስትሮክ ይመጣል። በተለይ ከአሜሪካም፣ ከአውሮፓም፣ ከዓረብ አገርም ለወላጆቻችሁ ሰዓት የምትልኩ ልጆች፣ ፍቅራችሁ ይገባኛል። ግን ለእናታችሁ ጤና ብላችሁ ከሆነ፣ በዚያው ገንዘብ ክንድ ላይ የሚታሰረውንና በአየር የሚነፋውን የግፊት መለኪያ ላኩላት። አያብረቀርቅም፤ ግን አይዋሻትም። ሰዓቱንም ከላካችሁ ደውላችሁ «እማዬ፣ ለእርምጃና ለሰዓት ብቻ ነው፤ ግፊቱን አትመኚው» በሏት።

«ከምንም ይሻላል» ለምትሉኝ

ይህን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ደጋግማችሁ ብላችሁኛል። «ቲቸር፣ አቅማችን ይሄ ነው፤ ከምንም ይሻላል።» የኑሮው ነገር ይገባኛል። ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን አልስማማም። ምንም ቁጥር የሌለው ሰው ሰውነቱን ያዳምጣል፣ ሐኪም ይጠይቃል። የውሸት ቁጥር የያዘ ሰው ግን መጠየቅ ያቆማል። ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የማይታወቅ መለኪያ መለኪያ አይባልም።

አቅም ካነሰ ደግሞ መንገድ አለ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ የራሱ ጂፒኤስ አለው። በነፃ የሚገኝ የሩጫ አፕ ጫኑበት፣ በጨርቅ ማሰሪያ ክንዳችሁ ላይ እሰሩት። ደቂቃ ለማየት ተራ ዲጂታል ሰዓት ይበቃል። ይህ ጥምረት «ሚሊታሪ» ከሚሉት አስመሳይ ሰዓት የበለጠ እውነት ይነግራችኋል፤ አዲስ ወጪውም ከዚያ ያነሰ ነው። ቀሪውን ገንዘብ ጫማ ግዙበት። ጉልበታችሁን የሚያድነው እሱ ነው።

የቱን ልግዛ ታዲያ?

ስም ካስጠራችሁኝ ሦስት ልጥቀስ። ዋጋው መጀመሪያ ሲወጡ የነበረው ነው፤ እዚህ ስንት እንደሚገባ እናንተ ጠይቁ። አማዝፊት ቲ ሬክስ እ.ኤ.አ. በ2020 በ140 ዶላር የወጣ ነው፤ የራሱ ጂፒኤስ፣ 4 ቁልፎች፣ 5 ኤቲኤም አለው፤ ኩባንያው 12 የሚሊታሪ ሙከራዎችን አልፏል ብሎ በቁጥር አስቀምጧል። ጋርሚን ፎርረነር 55 በ2021 በ200 ዶላር ወጣ፤ ሁሉ ነገሩ በቁልፍ ነው፣ ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ ጂፒኤስ በርቶ 20 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ኮሮስ ፔስ 3 በ2023 በ229 ዶላር ወጣ፤ በጣም ቀላል ነው፣ ባትሪው ከሁለቱም ይበልጣል። ለሯጭ ሁለተኛውን፣ ገደል ለገደል ለሚሄድና ዕቃ ለማይጠነቀቅ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ያገለገለ ማግኘትም ነውር የለውም፤ ባትሪውን ብቻ ፈትሹ።

ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። የስልካችሁን ብሉቱዝ አጥፉና ሰዓቱን ይዛችሁ ደጅ 10 ደቂቃ ተራመዱ፤ ከዚያ አፑ ላይ የሄዳችሁበት መንገድ በካርታ ተስሎ ካልታየ የራሱ ጂፒኤስ የለውም። ጣታችሁን አርጥባችሁ ቁልፎቹን ሞክሩ። አፑ በታወቀው የአፕ መደብር እንዳለና በቅርቡ እንደታደሰ እዩ። በአማርኛ መልእክት ላኩበት፤ ፊደላችን ባዶ ሳጥን ሆኖ የሚታይበት ሰዓት ብዙ ነው። ሻጩ «መሞከር አይቻልም» ካለ እናንተም መግዛት አይቻልም በሉት። ገዝታችሁ ስታበቁ ደግሞ 400 ሜትር መም ላይ፣ በመጀመሪያው መስመር 10 ዙር ሩጡ። 4 ኪሎ ሜትር አካባቢ ካሳየ ጥሩ ነው፤ 5 ካለ በዋስትናው ቀን ውስጥ መልሱ።

የገዛችሁት ሰዓት ካለ ሞዴሉንና ያያችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ለሌላው ይጠቅማል። በተለይ ሙዙን የሞከራችሁ ፎቶ አንሡና ለጥፉ። ግፊት ወይም ስኳር ያለባቸው ወላጆች ያሏችሁ ደግሞ ቁጥር 7ን ዛሬውኑ አንብቡላቸው።

መልካም ሩጫ!